ከኦፕራሲዮን በኋላ ጡንቻ እንዴት ይመለሳል?
(በደማችን ውስጥ ያሉ ማዕድናት ድርሻ)

ስለ ማደንዘዣ ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን በሽተኛው ከባድ እንቅልፍ ይዞት ሕመሙን ሳያውቅ ሲቀደድ ነው። ነገሩ ግን በአንድ መድኃኒት የሚያልቅ አይደለም። ሰውዬው ቢተኛም ጡንቻው አብሮ አይተኛም። ሐኪሙ ሆድ ሊከፍት ሲል የሆድ ጡንቻ ይደርቃል፤ መተንፈሻ ቧንቧ ሊያስገባ ሲል ጉሮሮ ይታገላል። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ያዘጋጃል፤ አንደኛ የሚያስተኛ፣ ሁለተኛ ሕመምን የሚያጠፋ፣ ሦስተኛ ጡንቻን የሚያላላ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን ነው። በተለይም የቀዶው ሥራ ካለቀ በኋላ የላላው ጡንቻ እንዴት እንደሚመለስ፣ በዚህም መመለስ ላይ በደማችን የሚገኙ ጥቂት ማዕድናት ምን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው ለመግለጽ እሞክራለሁ።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለዚህ ጉዳይ ብዕር ማንሣቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው የሕክምና ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችንም ጭምር ነን። ደግሞም ነገሩ ከመሠረቱ ሲታይ ለማንም አስተዋይ ሰው የሚገባ እንጂ የተሰወረ ጥበብ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከፍላጻ መርዝ እስከ ሐኪም ቤት

የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን ኩራሬ በሚባል የዕፅ መርዝ ይቀቡ ነበር። የተወጋው አውሬ ይወድቃል፤ ልቡ ይመታል፤ መተንፈስ ግን አቅቶት ይሞታል። ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር በ1850ዎቹ ዓመታት በእንቁራሪት ላይ በመሞከር የዚህን ምሥጢር አገኘ። የተመረዘው እንስሳ ነርቭ አልሞተም፤ ጡንቻውም አልሞተም፤ የተቋረጠው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ መርዝ መድኃኒት ሆኖ በማደንዘዣ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 23 ቀን 1942 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ነው። ይህንንም ያደረጉት ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ሐኪሞች ለስላሳ ሆድ አገኙ፤ በሽተኞችም ብዙ የማስተኛ መድኃኒት መሸከም ቀረላቸው። ይሁን እንጂ አንድ የሚያስፈራ ጥያቄ ነበር። ኩራሬ ሐሳብንም ያደነዝዛል ወይ? በ1947 ስኮት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም ይህን ለማወቅ በራሱ ላይ አስወጋው። አንድም ጡንቻ ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ እስትንፋሱም በሰው እጅ ነበር፤ አእምሮው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቁ ሆኖ ሁሉን ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ጡንቻው በሚገባ ሳይመለስ ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ጮኾ እርዳታ እንኳ መጠየቅ አይችልም። በ1954 ቢቸርና ቶድ የተባሉ አሜሪካውያን በ10 ሐኪም ቤቶች የተሰጡ ወደ 600,000 የሚጠጉ ማደንዘዣዎችን መርምረው፣ ጡንቻ አላሊ ካልተሰጣቸው መካከል ከ2,100 አንድ ሰው፣ ከተሰጣቸው መካከል ግን ከ370 አንድ ሰው በማደንዘዣው ምክንያት መሞቱን አሳተሙ። ስለ ቁጥሩ ትርጉም ብዙ ክርክር ተነሣ። ዳሩ ግን አንድ ነገር በግልጽ አስተማረ፤ ማላላት ብቻ አይበቃም፤ መመለስንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ነርቭና ጡንቻ እንዴት ይነጋገራሉ?

ነርቭ ከጡንቻ ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ከአንጎል የመጣው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይህን ክፍተት ዘሎ መሻገር ስለማይችል በነርቩ ጫፍ ላይ ወደ ኬሚካል ይለወጣል። ይህም ኬሚካል አሴቲልኮሊን ይባላል። በነርቩ ጫፍ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል፤ ሲለቀቅ ክፍተቱን ተሻግሮ በጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ይገጥማል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ከዚያም በዚያው ቦታ ያለ ኤንዛይም አሴቲልኮሊኑን ወዲያው ይሰባብረዋል፤ ጡንቻው ለሚቀጥለው ትእዛዝ ነፃ ይሆናል።

እዚህ ላይ ማዕድናቱ ይገባሉ። ትእዛዙ ነርቩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጥቃቅን በሮች ይከፈታሉ፤ በእነሱም በኩል ካልሲየም ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። ከረጢቶቹ እንዲፈነዱ የሚያዝዘው ይህ የገባው ካልሲየም ነው። ካልሲየም ከሌለ ትእዛዙ ቢመጣም ከረጢቱ አይከፈትም። ማግኒዥየም ደግሞ በኬሚስትሪ ጠባዩ ካልሲየምን ይመስላል፤ በበሩ ላይ ይሻማዋል፤ ነገር ግን ሥራውን አይሠራለትም። ቦታ ይይዛል እንጂ ከረጢት አይከፍትም።

በርናርድ ካትዝና ሆሴ ዴል ካስቲዮ በለንደን በ1954 ያሳተሙት ምርመራ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ይህንኑ አሳየ፤ ማግኒዥየም ሲበዛና ካልሲየም ሲቀንስ ከነርቩ የሚወጣው አሴቲልኮሊን ወደ ጥቂት ከረጢት ይወርዳል። ካትዝ በዚህና በተመሳሳይ ሥራው በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1967 ደግሞ ዶጅና ራሃሚሞፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ካልሲየም አነስተኛ በሆነበት ሁኔታ የአሴቲልኮሊኑ መጠን ከካልሲየሙ አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚሄድ ለኩ። ይኸውም ካልሲየሙ በግማሽ ሲቀንስ የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን በግማሽ ሳይሆን ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል ማለት ነው። በማዕድኑ ላይ ትንሽ ለውጥ በጡንቻው ላይ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ስለዚህ ነው።

ጡንቻ አላሊዎቹ፣ ማለት ጥንታዊው ኩራሬም ሆነ ዛሬ የሚሠራባቸው ሮኩሮኒየም፣ ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየምና የመሳሰሉት፣ ነርቩን አይነኩም ለማለት ይቻላል። ዋና ሥራቸው ከማዶ ነው፤ የጡንቻውን ተቀባዮች ይይዙና አሴቲልኮሊን መቀመጫ ያጣል።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር በልቡ ይያዝልኝ። ተፈጥሮ ለጡንቻ ብዙ ትርፍ ተቀባይ ሰጥታዋለች። ከአራቱ ተቀባዮች ሦስቱ ያህል ተይዘው እንኳ ጡንቻው ለአንድ ትእዛዝ በሙሉ ኃይሉ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «ዳነ፤ ተመለሰ» የተባለ ሰው ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ገና በአላሊው እንደተያዙ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው በትርፉ ነው። ትርፉም እንዲበቃው ነርቩ አሴቲልኮሊን አትረፍርፎ መልቀቅ አለበት።

ሁለቱ ማርከሻዎች

አላሊውን ለመመለስ ዛሬ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው አሮጌው መንገድ ነው። በምዕራብ አፍሪካ፣ በካላባር አገር፣ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው እውነቱ እንዲታወቅ የሚጠጣው መርዘኛ ባቄላ ነበር። ከዚህ ባቄላ ፊዞስቲግሚን የተባለ መድኃኒት ወጣ፤ በ1900 ያኮብ ፓል የተባለ የቪየና ሐኪም በኩራሬ የደከመ እንስሳ በዚህ መድኃኒት ሲነሣ አየ። ዛሬ የሚሰጠው ዘመዱ ኒዮስቲግሚን ነው። ኒዮስቲግሚን አላሊውን አያባርረውም፤ አሴቲልኮሊንን የሚሰባብረውን ኤንዛይም ያስራል። ስለዚህ አሴቲልኮሊኑ ይጠራቀምና ከአላሊው ጋር ተሻምቶ ቦታውን ያስለቅቃል። ልብንም ስለሚያዘገይ አትሮፒን ወይም እሱን የመሰለ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል።

ኒዮስቲግሚን ወሰን አለው። ኤንዛይሙ አንድ ጊዜ በሙሉ ከታሰረ በኋላ መድኃኒቱን ቢጨምሩት ጥቅም አይገኝም፤ ለዚህም ነው ባለሙያዎች ለአዋቂ ሰው ከ5 ሚሊግራም የማያልፉት። ነገሩ የሚያንጠባጥብ እንስራ እንደ መድፈን ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ይጠራቀማል፤ ምንጩ ራሱ ከደረቀ ግን እንስራውን ቢደፍኑት ምን ይሞላዋል?

ሁለተኛው መንገድ አዲስ ነው። ሱጋማዴክስ ይባላል፤ በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ በ2015 መጨረሻ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት ከስምንት የስኳር ቁራጮች የተሠራ ቀለበት ነው፤ መካከሉ ክፍት ሆኖ ሮኩሮኒየም ወይም ቬኩሮኒየም ልክ እንደ ቡሽ ይገባበታል፤ ገብቶም አይወጣም፤ አብረው በሽንት ይወገዳሉ። መጠኑ በትክክል ከተሰጠ ጡንቻው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። አትራኩሪየምንና ሱክሳሜቶኒየምን ግን ሊይዝ አይችልም፤ የቀለበቱ ልክ አይደሉምና። ደግሞም ይህንኑ እንበል፤ ሱጋማዴክስ አላሊውን ይለቅማል እንጂ ለነርቩ አሴቲልኮሊን አይጨምርለትም።

ስለዚህ ሁለቱም ማርከሻዎች የሚሠሩት ከነርቩ ማዶ ባለው ወገን ነው። ከነርቩ ወገን ያለውን የሚያዙት ማዕድናቱ ናቸው።

ማግኒዥየም፤ የሚያድነውና የሚያዘገየው

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሜልትዘርና አውር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በኒውዮርክ ለጥንቸል ማግኒዥየም ሰጥተው አዩ። ጥንቸሏ ተዘረረች፤ የተኛች መሰለች። በ1908 ደግሞ ለእንደዚህ ያለችው ጥንቸል ካልሲየም በደም ሥሯ ሲሰጣት በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነሥታ እንደምትሄድ ገለጹ። ከላይ የተባለው የሁለቱ ማዕድናት ሽሚያ ከነርቭ ጫፍ ላይ ሳይታይ በፊት በሙሉ እንስሳ ላይ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ማግኒዥየም ሰልፌት በሐኪም ቤት ትልቅ ሥራ አለው። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊቷ እጅግ የጨመረባት ሴት ኤክላምፕሲያ በሚባለው የሚያንዘፈዝፍ በሽታ ልትሞት ትችላለች። ይህንን ለመከላከልና ለማቆም በዓለም ሁሉ፣ በአገራችንም ጭምር የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በ2002 ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ታላቅ ምርመራ ማግኒዥየም የበሽታውን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እንግዲህ ማግኒዥየም ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ይህችው ሴት ሆዷ ተቀድዶ እንድትወልድ ሲወሰንና ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጣት ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ማግኒዥየም በሊትር ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሞል ያህል ነው። ለኤክላምፕሲያ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3.5 ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የጉልበት ጅማት ሲመታ እግር መዝለሉን ይተዋል፤ ከ5 ሲያልፍ መተንፈስ ራሱ ለአደጋ ይጋለጣል። በሕክምናው ልክ ላይ ያለችው ሴት በራሷ ትተነፍሳለች፤ ትነጋገራለች። የነርቧ ምንጭ ግን አንሷል፤ ትርፉ ተሟጧል።

በዚህ ላይ አላሊ ሲጨመር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ትንሹ መጠን እንደ ትልቅ ይሠራል፤ ረጅም ጊዜም ይቆያል። ሁለተኛ፣ ኒዮስቲግሚን ሲሰጥ መመለሱ ይዘገያል፤ የሚጠራቀመው አሴቲልኮሊን ራሱ ጥቂት ነውና። ሱጋማዴክስ ከዚህ ይሻላል። በሰው ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንደሚያሳዩት ማግኒዥየም የወሰዱ ሰዎችም በሱጋማዴክስ ከሮኩሮኒየም በፍጥነት ይመለሳሉ፤ ቀለበቱ ስለ ማግኒዥየም ግድ የለውምና።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከፋው ነው። በሽተኛው ተመልሶ፣ ቧንቧው ወጥቶለት፣ ወደ ማገገሚያ ክፍል ከሄደ በኋላ ስለ ሌላ ምክንያት ማግኒዥየም ቢሰጠው ጡንቻው እንደገና ሊላላ ይችላል። በ2003 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ነገር ዘግቧል፤ ከዚያም በኋላ ሱጋማዴክስ ተሰጥቶ ሳለ ይኸው መታየቱ ተጽፏል። ነገሩ ተአምር ይመስላል፤ አላሊ ዳግመኛ አልተሰጠውም። አንባቢ ግን ቀደም ብሎ በልቡ የያዘውን ያስታውስ። ያ ሰው ተመለሰ የተባለው ብዙ ተቀባዮቹ ገና ተይዘው ነው፤ የሚኖረው በትርፉ ነበር። ማግኒዥየሙ ምንጩን ሲቀንስበት ትርፉ አለቀ፤ የተደበቀው አላሊም ተገለጠ።

ካልሲየም

ካልሲየም ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለ የለንደን ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ያይ ነበር። ውሃው ከከተማው ቧንቧ የተቀዳ ሲሆን ልቡ ይመታል፤ የተጣራ ውሃ ሲሆን ግን ይቆማል። ልዩነቱ በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ሎክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1894 ካልሲየም በሌለበት ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ እንደሚያቅተው አሳየ።

በኦፕራሲዮን ክፍል ካልሲየም በብዙ መንገድ ሊጎድል ይችላል። ብዙ ደም ለተሰጠው ሰው በደሙ ከረጢት ውስጥ ያለው ሲትሬት ካልሲየሙን ይይዝበታል። ደግሞም ስትሬፕቶማይሲን፣ ኒዮማይሲንና የመሰሏቸው አንቲባዮቲኮች ከነርቩ ጫፍ ላይ በካልሲየም መንገድ ይቆማሉ። ኒዮማይሲን በኦፕራሲዮን ጊዜ ሆድ ውስጥ ተደርጎላቸው መተንፈስ ያቃታቸው በሽተኞች በ1956 ተዘግበዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ኒዮስቲግሚን ብቻውን ብዙ ላይረዳ ይችላል፤ ካልሲየም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል።

ለማግኒዥየም መብዛት ማርከሻው ራሱ ካልሲየም ነው፤ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ይህ ማለት ግን ካልሲየም ለማንም ዘግይቶ ለተመለሰ በሽተኛ ይሰጥ ማለት አይደለም። በፍጥነት የተሰጠ ካልሲየም ልብን ይረብሻል፤ ሥራውም አላፊ ስለሆነ ማግኒዥየሙ ከኩላሊት እስኪወጣ ድረስ በሽተኛው በመሣሪያ እየተነፈሰ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። የኩላሊት በሽተኛ በሆነ ሰው ላይ ማግኒዥየም አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ፖታሲየምና የደም አሲድነት

ፖታሲየም የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ነርቭም ጡንቻም ሥራ በሌለው ጊዜ በውስጡና በውጭው መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት አለ፤ ይህን የሚጠብቀው በይበልጥ ፖታሲየም ነው። በትውከት፣ በተቅማጥ ወይም በሚያሸና መድኃኒት ምክንያት በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በድንገት ሲያንስ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ጡንቻውን ለማስነሣት የበለጠ አሴቲልኮሊን ያስፈልጋል። ስለዚህ አላሊው ይበረታል፤ ማርከሻው ይደክማል። በ1978 በድመቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ፖታሲየም ባነሰባቸው ጊዜ ፓንኩሮኒየም የተባለው አላሊ በትንሽ መጠን እንደሚበቃና ለመመለስ ግን ብዙ ኒዮስቲግሚን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ታሪክ አለ። በ1956 ሃንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኒዮስቲግሚን ቢሰጣቸውም ስላልተመለሱ በሽተኞች ጻፈ። ብዙዎቹ አንጀታቸው ተዘግቶ ወይም በሌላ ከባድ የሆድ በሽታ ተይዘው የመጡ ነበሩ። በ1962 ብሩክስና ፌልድማን ምክንያቱ የደም አሲድነት ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ዛሬ አሲድነት፣ በተለይ በደንብ ካለመተንፈስ የሚመጣው፣ የኒዮስቲግሚንን ሥራ እንደሚያደክም ታውቋል። እንግዲህ ክፉ ዙር ይፈጠራል፤ ጡንቻው ስላልተመለሰ ትንፋሹ ይደክማል፤ ትንፋሹ ስለደከመ አሲድ ይጠራቀማል፤ አሲዱ ስለተጠራቀመ ጡንቻው አይመለስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የበሽተኛውን ማዕድናት ማወቅ ነው። ጊዜ ካለ የጎደለው ፖታሲየም ይተካ፤ ምን አንቲባዮቲክና ምን ያህል ማግኒዥየም እንደተሰጠው በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የወሊድ ክፍሉ ሠራተኛ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር። ማግኒዥየም ላይ ላለች ሴት አላሊው ይቀነስላት።

ሁለተኛ፣ በዓይን ግምት አለመተማመን ነው። እጅ አንጓ ላይ ባለው ነርቭ አራት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምት በተከታታይ እየሰጠ የአውራ ጣትን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ዘዴውም ከ1970 ጀምሮ ይታወቃል። አራተኛው እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ 0.9 ሳይደርስ ቧንቧ መውጣት እንደሌለበት ዛሬ ስምምነት አለ። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ በዓይኑ ወይም በእጁ መዳከሙን መለየት የሚችለው ንጽጽሩ ከ0.4 በታች ሲሆን ብቻ ነው። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው ሁሉ ለዓይን ደኅና የሚመስል፣ ለበሽተኛው ግን ደኅና ያልሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ «ተመለሰ» ከተባለ በኋላም መጠበቅ ነው። በተለይ ከኦፕራሲዮን በኋላ ማግኒዥየም የምትቀጥል እናት የጉልበቷ ጅማት እየተመታ፣ ትንፋሿ እየተቆጠረ፣ ካልሲየሙ በአጠገቧ ተዘጋጅቶ መሆን አለበት።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ሀብት የሚጠይቁ አይደሉም። ኒዮስቲግሚን፣ ማግኒዥየም ሰልፌትና ካልሲየም ግሉኮኔት ሦስቱም የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አስፈላጊ ብሎ በዘረዘራቸው መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛሉ። ሱጋማዴክስ በዋጋው ከብዙ ድኻ አገር ሐኪም ቤት ሊርቅ ይችላል፤ የጉልበት ጅማት የሚመታበት ትንሽ መዶሻ ግን አይርቅም። አዲሱ መድኃኒት በደረሰበትም ቦታ ቢሆን ጥበቃውን አያስቀርም። ማርከሻ የሚያነሣው የገባውን አላሊ ነው፤ የነርቩን ምንጭ የሚሞላው ግን በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ነውና፣ ሁለቱም ሳይታዩ በሽተኛው «ነቅቷል» ሊባል አይገባውም።